የሸራ ሰፊው እሳት

ባሌ ሸራ ሰፊ ነው። የጭነት መኪና ሸራ ይሁን የሱቅ በረንዳ ወይም የድግስ ድንኳን፣ የተቀደደ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። የሚሠራበት ክፍል ከአንድ ጋራዥ ጎን የተለጠፈች ናት፤ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ሸራ ስለሚሸፍነው ደንበኛው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ሰፈሩ «ሸራው» ይለዋል። እኔም ሲያናድደኝ ሸራው እለዋለሁ፣ ሲያስቀኝም ሸራው እለዋለሁ፤ ልዩነቱን እሱ ያውቃል።

እኔ ደግሞ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነኝ። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ ቆሜ ስውል አመሻሽ ላይ እግሬ የኔ አይመስለኝም። ስለዚህ ቅዳሜ ለኔ የእንቅልፍ ቀን ነው፤ ለሱ ግን የጫካ ቀን ነው። የተነጠፈ አልጋ እያለው ሄዶ መሬት ላይ ይተኛል። ስንጋባ ዘመዶቼ «ይጠጣል ወይ? እጁን ያነሳል ወይ?» እያሉ ሲያጣሩ፣ «ጫካ ያድራል ወይ?» ብሎ የጠየቀልኝ አንድም ሰው አልነበረም።

አርብ ከሥራ እንደገባ ዕቃውን ሳሎን ወለል ላይ ይዘረጋል። ድንኳኑን ራሱ ነው የሰፋው፣ ከደንበኛ ሥራ በተረፈ ቁርጥራጭ፤ ጀርባው አረንጓዴ፣ አንዱ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ጎን ምን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው፤ ከሩቅ ላየው የተጣፈ ሱሪ ነው። ግን ጠብታ አያሳልፍም። የመጥረቢያውን እጀታ የጠረበው ራሱ ነው። ኮዳውን የኔን አሮጌ ካፖርት ቀድዶ አልብሶታል፤ ካፖርቱ አሮጌ መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው። ድስቱማ አይነሳ። ዕድሜዬን ሙሉ እድፍ ሳስለቅቅ የኖርኩ ሴት፣ ቤቴ ውስጥ ከስሩ እስከ አንገቱ ጥቀርሻ የለበሰ ድስት አስቀምጣለሁ። አንድ ጊዜ ልፈትገው ሳነሳው ከእጄ ነጠቀኝ። «ጥቁር ድስት ቶሎ ያፈላል፤ ጥቀርሻው ልብሱ ነው» አለኝ።

ከሁሉም የሚወደው ግን እሳት መጫሪያውን ነው። ጣት የምታህል ጥቁር ብረት ናት፤ በቢላ ጀርባ ስትፋቅ ብልጭታ ትረጫለች። ደረቅ ሳር ይፈትላል፣ በሰም የተነከረ ጥጥ መሀሉ ይሸጉጣል፣ አንዴ ፋቅ ሲያደርጋት እሳት ነው። «ክብሪት የሌለበት አገር ይመስል» እለዋለሁ። «ክብሪት ይርሳል፣ ይቺ አትርስም» ይለኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ እተወዋለሁ።

ቤት ውስጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዛዧ እኔ ነኝ። ማንኪያ የት እንዳለ አያውቅም። ካልሲውን ሳይቀር እኔ ነኝ የማገኝለት። «እሜቴ፣ ምን ልልበስ? እሜቴ፣ የት ልቀመጥ?» ነው ነገሩ ሁሉ። አብረውት የሚወጡት ፀጉር አስተካካዩና ሾፌሩ ግን ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስላሉ። ጫካ ሲገባ ወገቡ ቀና ይላል አሉኝ፤ ንፋሱን አይቶ ድንኳን የሚተከልበትን ይመርጣል፣ እሱ እሳት ሳያነድ ማንም አይቀመጥም፣ ማንም አይበላም። «ቤት አንቺ፣ ጫካ እኔ» ይለኝ ነበር ራሱም። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው አንድ ቦታ ላይ የራሱ ጌታ መሆን አለበት።

ከዚያ እጁ መጣ።

መጀመሪያ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ በባዶው፣ ክር እንደሚፈትሉ መተሻሸት ጀመሩ። ቴሌቪዥን እያየን አየሁት። እንዳየሁት ሲያውቅ እጁን ኪሱ ከተተ። እኔም ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሁለት ሆነን ደበቅነው። ያጋለጠው ሥራው ነው። አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ያሰፋውን ሸራ መልሶ አመጣ። ስፌቱ መሀል ላይ ተጣሞ ወጥቷል። ሰውየው አልተቆጣም እኮ፤ «ሸራው፣ ዛሬስ ሌላ ሰው ነው እንዴ የሰፋው?» ብሎ ሳቀ። ባሌም አብሮት ሳቀ። ቤት ሲገባ ራት አልበላም።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። አልደበቀንም። ይሄ ነገር ወደ ኋላ አይመለስም፣ የምንችለው ማዘግየት ነው አለን። የኔ ጆሮ እዚያ ላይ ቀረ። ባሌ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀው፤ «ቢላ መያዝ እችላለሁ?» አለ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ ሽፍታ ያገባሁ ይመስል አየኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

ልጃችን ስትሰማ ከባሏ ጋር እየበረረች መጣች። አማቻችን ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ግን ከሱቅ ነው የሚወጣው። የጋዝ ምድጃ አመጣ፣ በአውራ ጣት ሲጫኗት የምትነድ። ሌላም አመጣ፤ ክብ ከረጢት ውስጥ የተጠቀለለ ድንኳን። «አባባ፣ ይሄ ካስማ የለው፣ ቋጠሮ የለው፤ ራሱ ነው የሚዘረጋው» አለና ሳሎን መሀል ከረጢቱን ፈታው። ድንኳኑ ዘሎ ወጣ። የአበባ ማስቀመጫዬን ጣለ፣ መጋረጃዬን ገፋ፣ አማቻችንን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከዚያ እንጠፈው ብንል እሺ አለን? አንዱን ጎን ስንይዝ ሌላው ያመልጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኛ አብረን አንድ ድንኳን ማሰር አቃተን። ልጃችን ላዩ ላይ ተኛችበት፣ እሷንም አነሳት። ያኔ ባሌ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እጁ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። ድንኳኑ እዚያው ሰነበተ፤ ወደ ኩሽና ስሄድ ዞሬው ነበር የማልፈው።

አማቻችን ያመጣውን አንዱንም ጫካ አልወሰደም። አመሰገነ፣ ምድጃውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለ፣ አለቀ። የራሱን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ሄደ። ሲመለስ ግን ዕቃውን ከጀርባው ሳያወርድ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም።»

ምንም እንዳልሆነ ሰው አልነበረም የተቀመጠው። የሆነውን የነገረኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቁሞኝ። ባሌ ሳር ፈትሎ ብረቷን ሊያወጣ ኪሱን ሲዳብስ፣ ፀጉር አስተካካዩ ቀደም ብሎ በሲጋራ መለኮሻ እሳቱን አነደደው። «እንዳይቸገር ብዬ ነው እኮ። ክፉ አስቤ አይደለም» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አዝሏል። ደግ ሰው ሲጎዳህ የምትሰድበው እንኳ ታጣለህ። ባሌ ከዚያ ወዲያ ከነሱ ጋር አልወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል። እኔም እንቅልፌ ጠፋ፤ ለዘመናት ስመኘው የኖርኩት፣ ባል ቅዳሜ ቤቱ መዋሉ፣ መጥቶ አንጀቴን ይበላኝ ጀመር።

አንድ አርብ ሸሚዝ ስተኩስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። «እሜቴ፣ ነገ አብረሽኝ ትወጪያለሽ?» አለኝ።

እስከዚያ ቀን በትዳራችን ሁሉ እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ለምን እንደጠየቀኝ ወዲያው ገባኝ። እኔ እሳት ማንደድ አልችልም። ከኔ ጋር ቢሄድ የሚቀድመው ሰው የለም።

«ጉንዳን ቢነክሰኝ አንተ ነህ ተጠያቂው» አልኩት።

ሄድን። አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ተሳፍረን፣ ከዚያ በእግር። ዛፎቹ ውስጥ ስንገባ ሰዎቹ የነገሩኝ እውነት መሆኑን አየሁ፤ ወገቡ ቀና አለ። «እዚህ አይሆንም፣ ውሃ ይወርድበታል። እዚያም አይሆንም፣ ቀና ብለሽ እይ፣ ቅርንጫፉ የደረቀ ነው» እያለ ይመራኛል። የማላውቀው ሰው ነበር፤ ወደድኩት።

ድንኳኑን ሲተክል ግን ማየት አልቻልኩም። ገመዱን ይዞ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ይከዱታል። ይፈታዋል፣ እንደገና ይጀምራል። መዶሻው ካስማውን ስቶ መሬቱን ይመታል። «ላግዝህ» ማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ስንቴ ዋጥኩት መሰላችሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁለት እጆቼን ከጭኔ ስር ወተፍኳቸው፤ ሳላስበው ተነስተው እንዳይሄዱ ብዬ። ጤነኛ እጅ ይዞ ዝም ብሎ ማየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። ድንኳኑ በመጨረሻ ቆመ፣ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ። «አማረ?» አለኝ። «አማረ» አልኩት፤ እውነቴን ነበር።

ፀሐይ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ስትደርስ ብርዱ መጣ። እሱ እንጨቱን ደርድሮ ጨርሷል፤ ቀጫጭኑ ከስር፣ ወፋፍራሙ ከላይ። ሳሩን ፈትሎ ጎጆ የመሰለች ነገር ሠራ፣ ጥጡን መሀሏ ሸጎጠ። ከዚያ ብረቷን አወጣ።

ፋቀ፤ ቢላው ተንሸራተተ። ፋቀ፤ ብልጭታው ወደ ጎን ተረጨና እርጥብ ቅጠል ላይ ጠፋ። ብረቷ ከእጁ ወድቃ ሳር ውስጥ ገባች፤ ተንበርክኮ ፈለጋት። እንደገና። እንደገና። ቢላው የሌባ ጣቱን መገጣጠሚያ ላጠው፤ ደሙን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቀጠለ። እኔ እግዜርን ለመንኩ። ሌላ ነገር አይደለም፣ አንዲት ብልጭታ ብቻ፣ ለዚህ ሰው፣ ዛሬ ብቻ። አልሆነም። ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ በብርዱ ይንቀጠቀጣል፤ የትኛው የበሽታው፣ የትኛው የብርዱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

በመጨረሻ ቢላውንና ብረቷን ዘረጋልኝ። «እስቲ አንቺ።»

«እኔ አልችልም» አልኩ።

«ትችያለሽ። ቢላውን አታንቀሳቅሺ። ብረቷን ነው ወደ ራስሽ የምትስቢው።»

ያኔውኑ በልቤ ቆረጥኩ፤ አይያያዝልኝም። ለይስሙላ ጫር ጫር አድርጌ «እምቢ አለኝ» እላለሁ፣ ሁለታችንም አቅቶን በብርዱ እናድራለን፣ ጠዋት «እርጥበቱ ነው» እንባባላለን፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜም ተስፋ ይተርፈናል። እንዳሰብኩት አደረግኩ። ቀስ ብዬ ሳብኩ፤ ትንሽ ብናኝ ወደቀ።

ዓይኔን አየኝ። «አታሹፊብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላው ሁሉ እያዘነልኝ ነው። አንቺ እንኳ በደንብ ሳቢያት።»

ምን አደርጋለሁ? ባልስባት ውሸቴን አውቆታል፤ ብስባት ደግሞ እሳቱ ይያያዛል። ልብስ ስተኩስ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ክንዴ የመኪና ጎማ ይፈታል። ሳብኳት። ብልጭታው ልክ መሀል ላይ አረፈና ጥጡ ያዘ። በመጀመሪያው። ልተፋበት ትንሽ ነው የቀረኝ። «ንፊ! ንፊ!» አለኝ፤ ነፋሁ፤ ሳሩ ነደደ፣ ቀጫጭኑ እንጨት ተያያዘ፣ ሰማዩ ሳይጨልም እሳቱ ከጉልበቴ በላይ ሆነ። እንደዚያ የጠላሁት እሳት የለም።

«ጎበዝ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቅናት አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ከእሳቱ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ቆመ፤ የሚንቀጠቀጠውን እጁን በሌላኛው ይዞ፣ ሰው ቤት በእንግድነት እንደገባ ሰው። መቀመጫውን ግንድ ራሱ ነው ጎትቶ ያመጣው፣ እሳቱም ጫካውም የሱ ነው፤ እሱ ግን ቆሞ እኔን ያያል።

«እሜቴ» አለኝ፣ «የት ልቀመጥ?»

ፊቴን ወደ ጭሱ አዞርኩ።

«እዚህ» አልኩት፣ አጠገቤ ያለውን ቦታ እያሳየሁት። እሺ ብሎ መጥቶ ተቀመጠ።