ልጃችንን ለኬጂ ያዘጋጀንበት ክረምት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ነሐሴ ከገባ ልብስ ሰፊ ፋታ የለውም። የዩኒፎርም ወቅት ነው። በረንዳዬ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ይቆለላል፤ ላቤ በአገጬ እየወረደ የሰው ልጆች ትከሻና ወገብ ስለካ እውላለሁ። ያን ዓመት ግን ከዚያው ጨርቅ ላይ ለራሴ ልጅ የምትሆን አንዲት ትንሽ ቀሚስ ቆረጥኩ።

የራሴ ልጅ ስል የእህቴ ልጅ ናት። ለእኔና ለባለቤቴ አላህ ልጅ አልሰጠንም። ታናሽ እህቴ ከባሏ ጋር ሳይስማሙ ተለያዩ፤ እሱ ወዲያው ከአገር ወጣና ደብዛው ጠፋ። እሷም ልጅቷ ገና ዳዴ ስትል ሰው ቤት ልትሠራ ሪያድ ሄደች። የምትሄድ ዕለት ዘመዶቻችን ከበው፣ «ተኝታ እያለች ውጪ፤ ስትነቃ ትንሽ አልቅሳ ትረሳዋለች» አሏት። እሷም እንዳሏት በጠዋቱ መኪና ሄደች። ልጅቷ ስትነቃ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። አፏን ስትፈታም «እማ» ያለችው እኔን ነው።

እህቴ ዓርብ ዓርብ እረፍት አላት፤ ያኔ በቪዲዮ ትደውላለች። ልጅቷ የምትጠራት «እታለም» እያለች ነው፤ ልክ እንደ ትልቅ እህት። ይህን የፈለገችው ራሷ እህቴ ናት። «እናትሽ ነኝ ካልኳት መቼ ትመጫለሽ ትለኛለች። ምን ብዬ እመልስላታለሁ? ስመጣ እኔው እነግራታለሁ፤ እስከዚያ ተያት» ትለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ብላ ነበር የሄደችው። ጊዜው ረዘመ፤ ልጅቷም ለኬጂ ደረሰች።

ለምዝገባ ስወስዳት ልቤ ሙሉ ነበር። ስፌት መኪናዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩላትን ፊደል ከሀ እስከ ፐ በአንድ ትንፋሽ ትወጣዋለች። መምህሯ ወጣት፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ልጅቷ ገና «ሀ ሁ» ብላ ስትጀምር ሳቀችና ጉንጯን ነካ አደረገቻት።

«ፊደሉ ይቆየን፤ እሱን እኛ እናስተምራታለን» አለችኝ። «ሽንት ቤት ብቻዋን ትገባለች?»

ልጅቷን ወደ እኔ ሳብ አደረግኋት።

«የልብሷን ቁልፍስ ትቆልፋለች? ምሳ ዕቃዋን ትከፍታለች? እርስዎ በሌሉበት ከሰው ጋር ትውላለች?»

ከሁሉም አንዱንም አትችልም። ሥራዬ ቤቴ ስለሆነ ልጅቷ ከመኪናዬ ሥር ርቃ አታውቅም። ሽንት ቤት ይዣት እገባለሁ፤ በእጄ አጎርሳታለሁ። የከተማውን ልጅ ሁሉ ቁልፍ እየተከልኩ የራሴ ልጅ አንዲት ቁልፍ ከቀዳዳዋ ማስገባት አታውቅም።

ቀጥላ መምህሯ ጎንበስ ብላ ልጅቷን ስሟን ጠየቀቻት። ነገረቻት። «የእማማስ ስም ማን ነው?» ስትላት ጮክ ብላ የእኔን ስም ጠራች። መምህሯ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታነሳ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩና፣ «የወለደቻት እህቴ ናት። አረብ አገር ነው ያለችው። ልጅቷ አታውቅም» አልኳት።

መምህሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልጅቷን ግቢው ውስጥ ወዳለው ዥዋዥዌ ላከቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የቤትዎ ጉዳይ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እዚህ የሚመጣው የሰፈር ልጅ ነው። ልጅ ደግሞ ቤት የሰማውን ይዞ ይመጣል። ከልጆች አፍ ከምትሰማው ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል» አለችኝ።

ባጃጅ ውስጥ እስክንገባ ያዝኩት እንጂ እንባዬ መጥቶ ነበር። ባለቤቴ ከሽንኩርት ማሳው ሲመለስ ነገርኩት። ቶሎ የማይናገር ሰው ነው። እግሩን ታጥቦ ሲጨርስ፣ «ለእህትሽ ንገሪያት። ያለ እሷ ፈቃድ አይሆንም» አለኝ።

ዓርብ ሲደርስ ልጅቷን ከእሱ ጋር ውጭ አስቀመጥኳትና እህቴን መምህሯ ያለችኝን ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ስታውቅ ትጠላኛለች» አለችኝ።

«እኔንስ?»

«አንቺን ምን አድርገሻት ትጠላሻለች?»

«እናቴ ሳትሆኚ እናትሽ ነኝ አልሽኝ ብላ ነዋ።»

ሁለታችንም አንድ ዓይነት ፍርሃት ተሸክመን ኖረን ለካ እስከዚያ ቀን አልተነጋገርንም። እህቴ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እሺ፣ እኔው ልንገራት» ብላ ዘጋች። መልሳ ስትደውል ፊቷን ታጥባ፣ አዲስ ሻሽ አስራ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ ለሥራ ፈተና የቀረበች ነው የምትመስለው። ልጅቷ ማንጎ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወርዶ መጣች።

«የኔ ቆንጆ፣ ስሚኝ» አለቻት። «አንቺን የወለድኩሽ እኔ ነኝ። እኔም እናትሽ ነኝ። እማ ደግሞ ያሳደገችሽ እናትሽ ናት። ሁለት እናት ነው ያለሽ፤ እሺ?»

«እሺ» አለች ልጅቷ። «ማንጎ ትበያለሽ?» ብላ የያዘችውን ስልኩ ላይ ለጠፈችው። እህቴ ማንጎ በተቀባው መስታወት ውስጥ እየሳቀችም እያለቀሰችም ታየችኝ። አልሐምዱሊላህ፣ በቀላሉ አለፈ ብዬ ስልኩን ጠረግሁ።

አላለፈም። ጥያቄው ከማግስቱ ጀመረ፤ እሱም መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ ጠብቆ ነው የሚመጣው።

«ከማን ሆድ ነው የወጣሁት?»

«ከእታለም ሆድ።»

«ሆዷ የት ነው?»

«ከእሷ ጋር፤ ሪያድ።»

«እኔም ሪያድ ነበርኩ?»

«አይ፣ ያኔ እሷ እዚህ ነበረች።»

ይህን ሰምታ አሰበች፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። በሳምንቱ ግን ክር አልቆብኝ ማዶ ሱቅ ልሻገር ስነሳ ቀሚሴን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችኝ። «አትሂጂ! አንቺም ስልክ ውስጥ ልትገቢ ነው!» ብላ እሪ አለች።

እዚያው በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ስለ እናት ያወቀችው ነገር ገባኝ። እናት ማለት አንድ ቀን በር ከፍታ የምትወጣና ከዚያ በኋላ በስልክ ብቻ የምትታይ ሰው ናት። እኔም እናቷ ነኝ፤ ስለዚህ ተራዬ ደርሷል ማለት ነው። ይህችን ልጅ ነው እንግዲህ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት በር አድርሼ የምመለሰው።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ልጅቷም እንደ እኔ እትዬ ትላቸዋለች። ጩኸቱን ሰምተው መጡና፣ «ሳታይሽ ሹልክ በይ፤ እኔ አባብላታለሁ» አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው። እኔ ግን ያ እህቴ የሄደችበት የጠዋቱ መኪና ትዝ አለኝና አልሆንልኝ አለ። በነጋታው ወደ መምህሯ ሄድኩ። ልጅቷን አዝዬ ነው የሄድኩት፤ ሌላ መላ አልነበረኝም። መምህሯ የክፍሉን ግድግዳ ቀለም እየቀባች ነበር።

«ተደብቀው እንዳይሄዱ» አለችኝ ብሩሿን አስቀምጣ። «እያየችዎት ይሂዱ። የት እንደሚሄዱና ምን ሲሆን እንደሚመለሱ ይንገሯት፤ ከዚያ ያሉትን ያድርጉ። በትንሹ ይጀምሩ።»

በትንሹ ጀመርን። መጀመሪያ እስከ ግቢው በር ነበር። «በሩን ነክቼ እመጣለሁ» እላታለሁ፤ ነክቼ እመጣለሁ። ቀጥሎ ሱቅ፣ ቀጥሎ ወፍጮ ቤት። እትዬ ከጎናቸው ያስቀምጧትና በሰፌድ ማሾ ያስለቅሟታል። እሷ ጠጠሩን ትታ ማሾውን እየለቀመች ትጥለዋለች፤ እሳቸውም አይቆጧትም። መጀመሪያ ሰሞን እስክመለስ ታለቅሳለች። ኋላ ላይ የምታለቅሰው ስወጣ ብቻ ሆነ።

ሌላውንም ጎን ለጎን ተያያዝነው። የካፖርት ትልልቅ ቁልፎች ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፋሁላትና መቆለፍ ተማረች፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት የባለቤቴን ሸሚዝ ካልቆለፍኩ ትል ጀመር። እሱም አንድ ቁልፍ ዘሎ እንደተቆለፈለት ማሳው ይወርዳል። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ትፈራው ስለነበር ዙሪያውን በጣውላ አጠበበላት። ምሳ ዕቃዋ ግን ክዳኑ ጠንክሮ አስቸገረን፤ በጥርሷ ስትታገለው አይቼ ላላ ያለ ሌላ ገዛሁላት።

አንድ ቅዳሜ ዚፕና ቁልፍ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። «የቀትሩ ዙሁር ሳይባል እመጣለሁ» አልኳት። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩም አናት የሚበሳ ነበር። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ለካ ወደ ጣርማ በር ደጋው ክፉኛ ዘንቦ ኖሮ፣ ስመለስ ከሰፈራችን በፊት ያለው ደረቅ ወንዝ ደፍርሶ ሞልቶ ደረሰብኝ። ባጃጆቹ ሁሉ ቆሙ። ማዶ የቤታችን ቆርቆሮ ይታየኛል፤ መሻገር ግን አይታሰብም። እዚያው ቆሜ የዙሁር አዛን ተባለ። ከጎኔ ዶሮ የታቀፉ ሰውዬ፣ «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ?» አሉኝ። ፊቴን አይተው ነው። ውሃው እስኪጎድል የቻልኩትን ያህል ዱዓ አደረግሁ።

እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ እየሮጥኩ ስደርስ ልጅቷ እትዬ ጭን ሥር ተቀምጣለች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቋል። ስታየኝ ተነሳች፤ መጥታም በትንሽ ቡጢዋ ጭኔን መታችኝ።

«ዘገየሽ!»

እትዬ ሳቃቸውን አፍነው፣ «ስትጠብቅሽ ነው የዋለችው። 'ትመጣለች፣ ግን እቆጣታለሁ' ስትለኝ ነበር» አሉኝ።

እቅፍ አድርጌያት ብዙ ቆየሁ። ስትቆጣኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ልጅቷ እህቴ ስትፈራው የኖረችውን ጥያቄ ጠየቀቻት። «እታለም፣ መቼ ነው የምትመጪው?» እህቴ ወደ እኔ አየች። ድሮ ቢሆን ለዒድ ትላት ነበር። «የኔ ልጅ፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ኢንሻአላህ እመጣለሁ። ዓርብ ዓርብ ግን ሁልጊዜ እደውልልሻለሁ» አለቻት። ልጅቷም «እሺ» አለችና ቁልፍ መቆለፏን ልታሳያት የባለቤቴን ሸሚዝ ልታመጣ ሮጠች። እህቴ ቀስ ብላ፣ «አላለቀሰችም» አለችኝ። ለእኔ ይሁን ለራሷ የነገረችው እንጃ።

የመጀመሪያው ቀን ደረሰ። በሩ ላይ ልጆች ተደበላልቀው ያለቅሳሉ፤ አንዳንድ እናቶችም አብረው ያለቅሳሉ። ጎንበስ ብዬ፣ «ምሳችሁን በልታችሁ፣ ተጫውታችሁ፣ ስትወጡ እዚህ በር ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ» አልኳት።

«ክር ልትገዢ ነው?»

«አዎ፣ ክርም እገዛለሁ።»

መምህሯ እጇን ያዘቻት። አለቀሰች፤ ግን ቀሚሴን አልያዘችም። እያየችኝ ሄድኩ። ቤት ገብቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩና ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ አለኝ። እትዬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቤቱ ዝም ሲል ያኔ ነው የሰማሁት።

ከሰዓቱ ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ። ስትወጣ የሰፋሁላት ቀሚስ የኋላው ወደ ፊት ዞሮ፣ አንዱ ካልሲዋ የት እንደገባ ሳይታወቅ ነው። «ሽንት ቤት ብቻዬን ገባሁ!» አለችኝ ከሩቅ፤ በር ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሰማ። ቀሚሱንም አውልቃ መልሳ የለበሰችው ራሷ ናት። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ስለ አንድ የምሳ ዕቃው ክዳን አልከፈት ስላለው ልጅ ስታወራልኝ ቆየችና፣ እኔም «እንግዲህ ነገ ደግሞ…» ስል አቋረጠችኝ።

«ነገም አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«አለ የኔ ልጅ።»

አንገቷን ደፍታ አሰበችና ልቅሶዋን ለቀቀችው። ያን ሁሉ ክረምት ስናዘጋጃት ትምህርት ቤት በየቀኑ መሆኑን የነገራት ሰው አልነበረም። ባለ ባጃጁ ሳቀ፤ እኔ ግን አዘንኩላት። ጭኔ ላይ አድርጌያት ስለ ቅዳሜና እሑድ እያወራሁላት ቤት ደረስን። ማታ ዩኒፎርሟን አጥቤ ሰጣሁት፤ በጠዋቱ ተነስታ ልትለብሰው ራሷ ከገመዱ ላይ ጎትታ አወረደችው። አንገቱ ገና እርጥብ ነበር።