የአዳራሽ አራት መነጽር

በዋና ከተማይቱ ትልቁ ሙዚየም፣ በአዳራሽ አራት መግቢያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አንድ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ባልደረቦቹ «ጋሽ በርጩማ» ይሉታል፤ እሱም በዚህ ስም መጠራቱን ለምዶት ነበር። ሥራው «እባክዎ አይንኩ» ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ይህንኑ አለ፤ በደንብም አለው፤ በእሱ ዘመን አንዲት ዕቃ አልተነካችም። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ለዚህ ሰው መስጠት ያስቸግራል፤ ለምን እንደሚያስቸግር ታሪኩ ራሱ ይናገራል።

በአዳራሹ ጥግ፣ በቀይ ገመድ የታጠረ፣ አራተኛው ግድግዳ ለተመልካች የተተወለት ክፍል አለ። «የፊደል ለቃሚው ክፍል» ይባላል። መጽሐፍና ጋዜጣ በእርሳስ ፊደል ይታተም በነበረበት ጊዜ፣ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ ገጽ ሲደረድር የሚውል ሠራተኛ ማታ የሚገባባት ቤት ምን ትመስል እንደነበር ለማሳየት የተሠራ ነው። የብረት አልጋ አለ፤ ፋኖስ አለ፤ ምስማር ላይ የተሰቀለ ካፖርት አለ፤ በጠረጴዛው ላይ የተከፈተ መጽሐፍ፣ በመጽሐፉም ላይ ወፍራም መነጽር አለ። የመነጽሩ የግራ ማጠፊያ በሰማያዊ ክር ተጠምጥሞ ታስሯል።

ሰው የሚቆመው ለመነጽሩ ነበር። አልጋውን አይቶ ያልፋል፤ ካፖርቱን አይቶ ያልፋል፤ መነጽሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ይያዛል። አስጎብኚዋ ይህን ታውቃለች። ቀኑን ሙሉ አፏ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሏት ሴት ናት፤ እዚህ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«ይህ ሰው ዓይኑን ለእኛ ነው የሰጠው! እኛ እንድናነብ እሱ ታወረ። ማጠፊያው ሲሰበርበት ምን አደረገ? በክር አሰረውና ሥራውን ቀጠለ። ያቺን ክር ተመልከቱልኝ፤ ያቺ ክር ብቻዋን መጽሐፍ ናት!»

ሴቶች መሐረብ ያወጣሉ። ጋሽ በርጩማ በዚህ ጊዜ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። መነጽሩ የፊደል ለቃሚው አለመሆኑን በዚያ ሕንጻ ውስጥ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። መነጽሩ የሟች ሚስቱ ነው።

ሚስቱ ቤቷ ውስጥ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሐኪም ሁለቱንም መርምሮ «የባልና ሚስት ዓይን እንዲህ አንድ ቁጥር ሲሆን አይቼ አላውቅም» ካላቸው ወዲህ፣ በአንድ መነጽር እየተቀባበሉ ይኖሩ ነበር። እሱ ጋዜጣ ይዞ ሲቆይባት እጇን ትዘረጋለች።

«አምጣው እንጂ! ጋዜጣው ሮጦ አያመልጥህም፤ የእኔ መርፌ ግን ከወደቀ ወደቀ ነው።»

የማጠፊያው ብሎን የጠፋ ዕለት የመርፌ ጫፍ ሰብራ በብሎኑ ቦታ ከተተች፤ በላዩም ሰማያዊ ክር ጠመጠመችበት። «ይኸው» አለች በጥርሷ ክሩን በጥሳ፣ «እኔንም አንተንም ይቀብራል።»

በዚያ ሙዚየም የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የሠራተኛ ቤተሰብ በነፃ የሚገባበት ቀን ነው። ሚስቱ በየወሩ ትጠይቀው ነበር። እሱም በየወሩ «ዛሬ ሰው ይበዛል፤ የሚመጣው ወር ይሻላል» ይላት ነበር።

«ምነው ደበቅኸኝ?» አለችው አንድ ጊዜ፣ ጨርቅ ከስፌት መኪናዋ ሥር እየሳበች። «ወይስ እዚያ ሌላ ሚስት በመስታወት ውስጥ አስቀምጠህብኛል?»

«እሷማ ብትሆን ዝም ትል ነበር» ብሎ አሳቃት። ሳቀች፤ ነገሩም በሳቅ አለፈ።

እውነቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሥራ በጀመረ ሰሞን «ምን ትሠራለህ?» ብላ ስትጠይቀው «ለጎብኚ ታሪክ አስረዳለሁ» ብሏት ነበር። አንድ ጊዜ የተባለች ቃል ናት፤ ነገር ግን ሐሰት እንደ ቤት እንስሳ በየቀኑ ቀለብ ይፈልጋል፤ እሱም ማታ ማታ ከአስጎብኚዎቹ አፍ የሰማውን ለሚስቱ የራሱ አስመስሎ ሲተርክ ኖረ። በበርጩማው ላይ ተቀምጦ እንድታየው አልፈለገም። በርጩማው የሚያሳፍር ነገር አልነበረበትም፤ የሚያሳፍረው ተረቱ ነበር። እሷም የባሏን ሙዚየም ሳታይ ሞተች።

ከሞተች በሁለተኛው ወር፣ በሩ ሳይከፈት፣ እንደ ልማዱ ከገመዱ ውስጥ ገብቶ የፊደል ለቃሚውን ክፍል አቧራ ይወለውል ነበር። በዓይኑ ላይ የነበረው የእሷ መነጽር ነው። አቧራው ሲጋርደው አወለቀና በተከፈተው መጽሐፍ ላይ አኖረው። ከማለዳ ጀምሮ ትኩሳት ነበረበት፤ ወዲያው አዞረውና ባልደረቦቹ ደግፈው ወደ ቤቱ ላኩት። ዐሥራ አንድ ቀን ተኛ።

ዓመታዊው ቆጠራ የተካሄደው በእነዚያ ዐሥራ አንድ ቀናት ውስጥ ነው። የቆጠራው ሕግ አጭር ነው፤ ከገመዱ ውስጥ የተገኘ ዕቃ ሁሉ ይቆጠራል፤ ቁጥር የሌለው ቁጥር ይሰጠዋል። ጋሽ በርጩማ ድኖ ሲመለስ የሚስቱ መነጽር በመጽሐፉ ላይ እንዳለ ነው፤ ነገር ግን በውስጠኛው በኩል በጥቁር ቀለም የተጻፈ ቁጥር ወጥቶለታል።

ሊናገር ነበር። ወደ መዝገብ ክፍሉ ለመሄድ ከበርጩማው ተነሥቶም ነበር። በዚያች ደቂቃ አንዲት አሮጊት ወደ ገመዱ ጠጋ ብለው መነጽሩን ረጅም ጊዜ አዩና ለራሳቸው እንዲህ አሉ፦

«ባለቤቱ አሁን ወጣ ብሎ እንጂ የሞተ አይመስልም።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ሚስቱ በመጨረሻ ሙዚየሙን ለማየት የገባች መሰለው። ነገ እናገራለሁ አለ፤ ያ ነገ ስድስት ዓመት ሆነ።

በእነዚያ ዓመታት ሌላ መነጽር አልገዛም፤ መግዛቱ እሷን ማሰናበት መሰለው። ስለዚህ ጋዜጣ ማንበብ ተወ። ከመኖሪያው ሁለት ወንበሮች አንዱ ልብስ ማስቀመጫ ሆነ። ከሰው ጋር የሚነጋገረው በሁለት ቃል ነው፤ እነሱም ሙዚየሙ የሰጠው ሁለት ቃላት ናቸው። ጠዋት በሩ ሳይከፈት አቧራ ሲወለውል መነጽሩን «እንደምን አደርሽ» ይለዋል። ይህ ሁሉ ያሳዝናል፤ ግን ማሳዘኑ ትክክል አያደርገውም። ለሞተ ሰው የጎደለ ነገር ለሕያዋን ሐሰት በመመገብ አይሞላም። በዚያ ክፍል ፊት ስድስት ዓመት የፈሰሰው እንባ አድራሻው የተሳሳተ እንባ ነበር፤ ይህንንም እሱ ያውቅ ነበር።

ሙዚየሙ የባህል ሳምንት ባወጀ ጊዜ ግቢው ተለወጠ። በደረጃው ላይ የሙዚቃ ቡድን ይለማመዳል፤ በአዳራሽ ሁለት የወጣት ሠዓሊዎች ሥራ ይሰቀላል፤ በጓሮው የፊልም መጋረጃ ይተከላል። በዋናው በር ላይ በር የሚያህል ፖስተር ወጣ፤ ፖስተሩ ላይ ያለው ያ መነጽር ነው፤ ሰማያዊው ክር ገመድ አክሎ ይታያል። ጋሽ በርጩማ ጠዋት ሲገባ በሚስቱ ዓይን ሥር አለፈ።

«ጋሼ፣ ሰሙ?» አለችው ሬዲዮ ገና ሳይቀመጥ። «መነጽራችን አውሮፕላን ሊሳፈር ነው! የፊደል ለቃሚው ክፍል እንዳለ ውጭ አገር ሊታይ ይሄዳል። እኔና እርስዎ ግን እዚሁ እንደርቃለን።»

«መቼ?»

«ሰኞ ይታሸጋል።»

«መመለሻውስ?»

«ሁለት ዓመት ነው። ምነው ፊትዎ ጠቆረ? ሊናፍቅዎት ነው እንዴ?»

ጡረታ ሊወጣ የቀረው ሦስት ወር ነበር። አሁን ካልተናገረ መነጽሩን ዳግመኛ አያየውም፤ ሐሰቱም ባሕር ይሻገራል። በዚያው ዕለት፣ ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት፣ ወደ ምድር ቤቱ የመዝገብ ክፍል ወረደ። መዝጋቢዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ በጓንት እንጂ በባዶ እጅ የማትሠራ፣ ቀልድ ስትሰማ እንኳ ማስረጃ የምትጠይቅ ሴት ናት።

«ያ መነጽር የእኔ ነው» አላት በሩ ላይ ቆሞ።

«የሁላችንም ነው፣ ጋሼ፤ የሕዝብ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«አይደለም። የባለቤቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች። አቧራ ስወለውል ረስቼው ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስድስት ዓመት ሙሉ ረስተውት?»

«መጀመሪያ ረሳሁት። ከዚያ በኋላ አልረሳሁትም፤ ዝም አልኩ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» አለች። «ወረቀቱ እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው። ሞኙን ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም ነበር። ማስረጃ አለዎት? አድርጋው የተነሣችው ፎቶ?»

«ፎቶ ስትነሣ ታወልቀው ነበር። ግን ከክሩ ሥር ያለው ብሎን አይደለም፤ የመርፌ ስባሪ ነው። ይህን የምናውቅ እሷና እኔ ብቻ ነን።»

«እሱን ለማየት ክሩ መፈታት አለበት።»

ይህን አላሰበውም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ መነጽሩን ሲያስብ የሚያስበው ክሩን ነው፤ ከእጇ ሥራ ሳይበጠስ የቀረው እሱ ብቻ ነው። የሰፋቻቸው ልብሶች በሰው ገላ ላይ አልቀዋል።

«ሳይፈታ አይሆንም?» አላት።

«ካልተፈታ ያለኝ የእርስዎ ቃል ነው። በቃል የገባ ነገር የለም፤ በቃልም አይወጣም። ቢተዉት ግን ክሩ እንደታሰረ ይኖራል፤ ማንም አይነካውም። ይምረጡ።»

ከላይ የሙዚቃ ቡድኑ ያንኑ ዜማ ደጋግሞ ሲለማመድ ይሰማል። ዜማው አልቆ እንደገና ሲጀመር ጋሽ በርጩማ ከበሩ ወደ ጠረጴዛዋ ተጠጋ።

«ይፈታ» አለ። ቀጥሎም «እኔ ልፍታው» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«አይሆንም። ቁጥር ያለበት ዕቃ በባዶ እጅ አይነካም።» ድምፅዋ ትንሽ ለሰለሰ። «ይህንን ለሰው ሲናገሩ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረው የለም እንዴ?»

መነጽሩን አስወረደችው። በወረንጦ የክሩን ጫፍ ያዘችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መፍታት ጀመረች። እሱ ቆሞ አየ። የመጨረሻው ዙር ሲላቀቅ የመርፌ ስባሪዋ ወረቀቱ ላይ ወድቃ ብልጭ አለች፤ የመነጽሩም የግራ ዘንግ ተነጥሎ ተጋደመ። መዝጋቢዋ መዝገቡን አወጣች፤ በቀይ አንድ መስመር ሰረዘች፤ «በስህተት የገባ» ብላ ጽፋ ፈረመች። ክሩንና መርፌውን በአንድ ወረቀት፣ መነጽሩን በፖስታ አድርጋ ሰጠችው። በማግሥቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ የሚገባው ነበር።

ሬዲዮ ወሬውን ስትሰማ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ገደሉኝ እኮ! ስድስት ዓመት በእርስዎ ሚስት ክር ነው ሰው ሳስለቅስ የኖርኩት?»

«በደንብ አድርገሽ ነው ያስለቀስሽው።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን ቢነግሩኝ?»

«አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለ። ይህን ሲል ወቀሳ አልነበረበትም።

እሑድ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነበር፤ የቤተሰብ ቀን። የጥበቃው ሚስት ልጆቿን ይዛ መጣች፤ የጽዳት ሠራተኛዋ እናቷን ደግፋ አስገባች። ጋሽ በርጩማ በቦታው ተቀመጠ። ሰዎች ወደ ፊደል ለቃሚው ክፍል ይጠጋሉ፤ አልጋውን ያያሉ፤ ካፖርቱን ያያሉ፤ ያልፋሉ። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ከባሏ ጋር መጥታ መነጽር የሌለበትን መጽሐፍ አየች።

«ፖስተሩ ላይ ያለው መነጽር የታለ?»

«የፊደል ለቃሚው አልነበረም» አላት። ተነሥቶ ነበር የመለሰላት። «የባለቤቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች።»

ሴትዮዋ አየችው፤ ክፍሉን አየችው፤ የሚቀጥል ነገር ያለው መስሏት ትንሽ ጠበቀች። እሱም የሚቀጥለውን ለመናገር አፉን ከፍቶ ነበር።

«እና ሌላ ምን የሚታይ አለ?» አለ ባልዬው።

«አዳራሽ አምስት የሙዚቃ መሣሪያዎች አሉ» አለ ጋሽ በርጩማ፤ በእጁም አሳያቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። ፖስታውንና የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መርፌዋን በቦታዋ ሊከት ሞከረ፤ አልታየችውም። መርፌዋን ለማየት መነጽሩ ያስፈልገዋል፤ መነጽሩን ለመጠገን መርፌዋ ታስፈልገዋለች። ሦስቴ ሞክሮ ተወው። በዚህ ነገር ሚስቱ ስንት ቀን ትቀልድበት እንደነበር ያውቃል።

ከዚያ ክሩ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ጽሑፍ እንዳለ አስተዋለ። አንድ ዘንግ ብቻ የቀረውን መነጽር በእጁ ደግፎ ዓይኑ ላይ አደረገና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረ። የመዝጋቢዋ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ እንደ መዝገቧ ቀጥ ያለ፦

«ክር፣ ሰማያዊ። ሃያ ሰባት ዙር። ያሰረችው፦ ልብስ ሰፊ፣ በሞት የተለየች። ባለቤት፦ ባሏ።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ያነበበው የመጀመሪያ ጽሑፍ ነበር። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ድሮ ጋዜጣ ሲያነብላት እንደሚያደርገው። ደገመውም። መነጽሩን ይዞ ብዙ ቆየ፤ «አምጣው እንጂ» ብላ እጇን የምትዘረጋ አልነበረችም።