ቀይዋ መብራትና የጋሽ አንጁሎ ዳንቴል

ጋሽ አንጁሎ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ሶዶ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር እጃቸውን ይዘው ሳለ፣ ከቆየባቸው ሕመም አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ብዙ ሰው ስለ እሳቸው ተናገረ። እኔ ግን እንደ ልማዴ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በማግስቱ እትዬ አስቴር አስጠሩኝና «አንቺም የምታውቂውን ጻፊ፤ ለመታሰቢያው ቀን ይነበባል» አሉኝ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳልተማርኩ ባስታውሳቸው፣ «እሳቸውስ መካኒክነት የት ተማሩ? መኪና መፍታት ግን ትተው ያውቃሉ?» ብለው በእንባቸው መሃል ሳቁ። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ።

ጋሽ አንጁሎ የእህል ነጋዴ ነበሩ። በአሮጌዋ ነጭ ፒካፓቸው ከሁምቦና ከጉኑኖ በቆሎ እያመጡ ሶዶ ገበያ ይሸጡ ነበር። መኪናዋ ስትታመም ግን ጋራዥ መውሰድ አይወዱም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካርቶን አንጥፈው ሥሯ ይገባሉ። እኔ በአክስቴ ቤት ከእነሱ ጋር አጥር ለአጥር ስለምኖር እትዬ አስቴር ደጃፍ ላይ ዳንቴሌን ይዤ እቀመጣለሁ። ጎረቤታችን አቶ ዘውዴ ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው መቀለድ ሥራቸው ነበር።

«አንጁሎ፣ ዛሬስ ስንት ብሎን ተረፈህ?»

«ፋብሪካው አብዝቶ ነው የላከው» ይላሉ ጋሽ አንጁሎ ከመኪናው ሥር። «እኔ ምን ላድርግ!»

ሲጨርሱ እጃቸውን በጋዝ ታጥበው፣ የተረፈውን ብሎን ኪሳቸው ከትተው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይገቡ ነበር። ያቺ መኪና ግን የእሳቸው ብቻ አልነበረችም። ምጥ የያዛትም፣ ወባ የጣለውም፣ ሌሊት ይሁን ቀን የሚያንኳኳው የእሳቸውን በር ነው። አክስቴ በጠና የታመመች ጊዜ ዱቦ ሐኪም ቤት ያደረሷት፣ እስክትድን ድረስም እየሄዱ የጠየቋት እሳቸው ናቸው። «ምን ላድርግልዎ?» ብዬ ለመጠየቅ አፌ ስላልደፈረ ለመኪናዋ ዳሽቦርድ የሚሆን ዳንቴል ሠራሁላቸው። ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩ ላይ ረዘም ያለ ዘርፍ ነበረው። ጋሽ አንጁሎ ሲያዩት እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ወዲያው በእጃቸው አነጠፉት። ዘርፉ ወርዶ ከመሪው ፊት ያሉትን ቆጣሪዎች ጋረዳቸው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ልብ አላለም። እሳቸውም «አሁን ሙሽራ መሰለች» ብለው ሰፈሩን ሁሉ ጠርተው አሳዩ።

ከዚያ የዘመን መለወጫችን፣ የጊፋታ ሰሞን መጣ። ሰፈሩ በጋራ የሚያርደውን በሬ ለመግዛት ወንዶቹ በጋሽ አንጁሎ መኪና ወደ ሁምቦ ገበያ ሊወርዱ ተስማሙ። እናቴ ሁምቦ ስለምትኖር እኔንም «ለበዓሉ እናትሽ ጋ ላድርስሽ» ብለው ጋቢና አስቀመጡኝ። በዚያው ሳምንት የኋላ ጎማዎቹን የፍሬን ሸራ ራሳቸው ቀይረው ነበር። ለአቶ ዘውዴም «ዛሬ አንድም ብሎን አልተረፈም» ብለው በኩራት ነገሯቸው።

ከግቢ ስንወጣ ከዳንቴሉ ቀዳዳዎች በአንዱ ቀይ ነጥብ አየሁ። በመጀመሪያ የፀሐይ ነጸብራቅ መሰለችኝ። የዛፍ ጥላ ውስጥ ስንገባም አልጠፋችም። ስለ መኪና አላውቅም፤ ቀይ መብራት ግን ለደግ ነገር እንደማይበራ ማንም ይገምታል። መናገር ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ከኋላ ወንዶቹ ገመዳቸውን ይዘው ይዘፍናሉ፤ ጋሽ አንጁሎም ከእነሱ ጋር ያዜማሉ። ከተማው እያለቀ፣ ወደ ሁምቦ የሚወርደው ቁልቁለት እየቀረበ ሄደ። ያ ሁሉ ሰው ከኋላችን ተጭኗል።

«ጋሽዬ» አልኩ። አልሰሙኝም። ደገምኩት፤ ለራሴም አልተሰማኝም። ያን ጊዜ እጄን ዘርግቼ የዳንቴሉን ዘርፍ ብድግ አደረግሁት።

ጋሽ አንጁሎ መብራቷን አዩ። ዘፈናቸውን አቋረጡ። ፍሬን ሲረግጡ እግራቸው ከወትሮው ጠልቆ ወረደ፤ መኪናዋ ግን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ዳር ይዛ ቆመች። ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ።

«ምን ሆንክ? ገበያው ሊበተን ነው!» አሉ አቶ ዘውዴ ከላይ ሆነው።

«የፍሬን መብራት በርታለች።»

«እና? አምፖሏን ነቅለህ ጣላትና እንሂድ! ሹፌሩ ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?»

«ዘውዴ፣ የምትነግረኝን ሳልሰማ አፏን አልይዝባትም» አሏቸው።

የእጅ ፍሬኑን ስበው መለሱት፤ መብራቷ አልጠፋችም። ኮፈኑን ከፍተው የፍሬን ዘይቱን ሲያዩ ከምልክቱ በታች ወርዷል። ከመቀመጫቸው ሥር የዘይት ቆርቆሮ አውጥተው ሞሉት። መብራቷ ጠፋች። ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ የወረዱትም ተመልሰው ሊወጡ ተንጠለጠሉ። እኔም እፎይ አልኩ።

ጋሽ አንጁሎ ግን መሪውን አልያዙም። «መብራቷስ ጠፋች፤ ዘይቱ የት ሄደ?» ብለው በየጎማው ሥር እየተንበረከኩ አዩ። የቀኙ የኋላ ጎማ ውስጠኛው በኩል ርሷል። ሸራውን ሲቀይሩ ዘይቱን የምትይዘውን ላስቲክ ነክተዋት ኖሮ እዚያ ጋ ያፈስ ነበር።

ቆመው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ይህ የራሴ የእጅ ሥራ ነው» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። «ውረዱ። በዚህች መኪና ዛሬ ሁምቦ የሚወርድ የለም።»

«ብሎን አልተረፈም ስትል ነው የጠረጠርኩህ!» አሉ አቶ ዘውዴ። ያጉረመረመውም ሳይቀር ሳቀ።

የሚያልፍ አይሱዙ ለምነው ወንዶቹን አሳፈሩ፤ እሳቸው መካኒክ እስኪመጣ ከመኪናዋ ጋር ቀሩ። እኔ ከመሳፈሬ በፊት ወደ ዳር ጠሩኝ።

«መቼ አየሻት?»

«ከግቢ ስንወጣ።»

«ማንን ፈርተሽ ነው? እኔን?»

«ሰዉን።»

ይቆጣሉ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ዘርፉን ያንጠለጠልኩት እኔ፣ ያየሽው አንቺ» አሉኝ። «ልጄ፣ ድምፅሽ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም። ብቻ አይጥፋ።»

በሬው በአይሱዙ መጣ። ሥጋው ሲከፋፈል ጋሽ አንጁሎ «በዓሉን አብረን የዋልነው ያቺ ልጅ ስላየች ነው» ብለው በሁሉም ፊት እንደተናገሩ ከእናቴ ቤት ስመለስ እትዬ አስቴር ነገሩኝ። በቦታው ባለመኖሬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ጋሽ አንጁሎ ዳንቴሉን የጣሉት መስሎኝ ነበር። አጥበው፣ አጣጥፈው ይዘውልኝ መጡ። «መስኮት አውጪለት። ጌጡም ይኑር፣ መብራቷም ትታይ» አሉኝ። ፊት ለፊቱን ፈትቼ፣ ዘርፉን አሳጥሬ፣ ቆጣሪዎቹ የሚታዩበት ክፍት ቦታ ትቼ እንደገና ሠራሁት። እሳቸው ደግሞ ይዘውት መናኸሪያ ሄዱና ለሹፌሮቹ የራሳቸውን ስህተት እያሳቁ አወሩላቸው። ሹፌሮቹም እንደዚያ ያለ ሊያሠሩ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። ዛሬ ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ጥግ ተከራይቼ እሠራለሁ፤ ሁለት ልጆችም እያስተማርኩ ነው። ከሶዶ በሚነሡ ብዙ ሚኒባሶች ላይ መስኮት ያለው ዳንቴል ታያላችሁ። ደንበኛ ሲመጣ ዋጋዬን የምናገረው አሁንም ቀስ ብዬ ነው፤ ግን እናገራለሁ።

ጋሽ አንጁሎ መኪናቸውን ራሳቸው መጠገን ከዚያም በኋላ አልተዉም። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ግን ሞተሩን አስነሥተው፣ ጋቢና ቁጭ ብለው፣ መብራቶቹ አንድ በአንድ እስኪጠፉ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቁ ነበር። አቶ ዘውዴ በአጥሩ ላይ «ምን አለችህ?» ሲሏቸው፣ «ሂድ ብላኛለች» ይሉ ነበር።

ጋሽዬ፣ መኪናዎ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ልጅዎ ትናንት አስነሥቷት ነበር፤ እሱም እንደ እርስዎ ቁጭ ብሎ መብራቶቹ እስኪጠፉ ጠበቀ። አቶ ዘውዴም አጥሩ ላይ መጥተው ነበር። «ምን አለችህ?» ብለው ሊጠይቁት ጀምረው እንባቸው መጣ፤ ልጅዎ ግን መለሰላቸው።

ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ እትዬ አስቴርን ለምኛቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ሄጄ እኔው አነበዋለሁ አልኳቸው። ከኋላ የቆሙት ምናልባት አይሰሙኝም። እርስዎ ግን በዚያ ሁሉ ዘፈን መሃል የእጄን ነገር ሰምተዋል። ደህና ይሁኑ ጋሽዬ። ድምፄ ትንሽ ናት፤ አልጠፋችም።