የአያ ይስማው የብረት ሰው

ልጅ ሳለሁ ተረት ያልነገረኝ ሽማግሌ በአካባቢያችን አልነበረም፤ የበደልሁት ግን አንዱን ብቻ ነው። አያ ይስማው ይባላሉ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ወደ ጅጋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእኛ ቤት ጮክ ብለው ቢጣሩ በሚሰማበት ርቀት ላይ የሚኖሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ዛሬ «አያ» እያልሁ፣ «ነበሩ» እያልሁ ስጽፍላቸው የካስኋቸው እንዳይመስላችሁ፤ ለዚያማ መሽቷል። ያኔ ከእኔ በቀር «አንቱ» የሚላቸው ሰው አላውቅም፤ እኔም ብሆን ሰው በሌለበት ብቻ ነው።

የጎጃም ገበሬ ያለ ቀጥቃጭ አንድ ትልም አያወጣም። ማረሻው በየሦስት አራት ቀኑ ይዶለዱማል፣ ማጭዱ ይደንዛል፣ መጥረቢያው ይሸረፋል። ታዲያ እጁን የሚፈልጉትን ያንኑ ሰው ዐይኑን ይፈሩታል። ቡዳ ነው፣ በዐይኑ ሰው ይበላል ይሉታል፤ አብረውት አይበሉም፣ አይጋቡትም፣ ሰርግ ቢደገስ ከአጥር ውጭ ይቀመጣል። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አያ ይስማውን ጠላ ሳታቀምስ አትሸኛቸውም። ነገር ግን የምትሰጣቸው ከአጥሩ ግንድ ላይ በተሰቀለች፣ አፏ በተሸረፈ ቅል ነበር፤ ቅሏ የጠፋች ዕለት ደግሞ በመዳፋቸው ትቀዳላቸዋለች። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ከመዳፋቸው ይጠጡና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይሄዳሉ።

ወንድም የለኝም። ስለዚህ በእርሻ ወራት የአባቴን ማረሻ ተሸክሜ ቀጥቃጭ ቤት የምመላለሰው እኔ ነበርሁ። እናቴ ከአንገቴ ክታብ አስራልኛለች። «ብረቱን ከደጃፉ አስቀምጪና ዘወር በይ፤ ዐይን ዐይኑን አትይው፤ የሰጠሽን እንዳትቀምሺ» ትለኝ ነበር። እኔም እንዳለችኝ አደርግ ነበር፣ ሲኒማው እስኪመጣ ድረስ።

ግንቦት ላይ ነው። የወባ ሰዎች የምንላቸው፣ በየቤቱ እየዞሩ ግድግዳ ላይ መድኃኒት የሚረጩት ሠራተኞች፣ አንድ ቀን በመኪናቸው ሲኒማ ይዘው መጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ በገበያው ሜዳ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ነጭ አቡጀዲ ወጠሩና ሞተራቸውን አስነሡ። መጀመሪያ ያሳዩን ትንኝ ነበር፤ ትንኟ ስትነድፍ፣ የተነደፈው ሰው ንዳድ ይዞት ሲንቀጠቀጥ፣ ኪኒን ውጦ ሲነሣ። ሕዝቡ እያዛጋ ጨረሰው። ቀጥሎ «ለመደሰቻ» ብለው የለቀቁት ፊልም ግን አገሩን አስነሣው። ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት የሚረዝም፣ ዐይኑ እንደ መኪና መብራት የሚያበራ የብረት ሰው! ወይ ጉድ!

ቋንቋው የፈረንጅ ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ በድምፅ ማጉያ መተርጎም ጀምሮ ነበር፤ ቆየና ታከተው መሰለኝ «አሁን ድንጋይ ተሸከመ»፣ «አሁን ተቆጣ»፣ «አሁን ሊገድሉት ነው» ብቻ ይለን ጀመር። የብረቱ ሰው ድልድይ ሠራ፣ ተራራ ናደ፣ ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ ከተማውን ይረጋግጥ ገባ፤ ወታደሮች በመድፍ መትተው ገደል ሰደዱት። ሴቱ እልል አለ፣ እኔም እልል አልሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ወሬው ሁሉ የብረቱ ሰው ነበር፤ ትንኟን ያነሣት አንድ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ማረሻ ይዤ ስሄድ አላስቻለኝም። ከደጃፉ ቆሜ «አያ ይስማው፣ ያንን የብረት ሰው አንቱ መሥራት ይችላሉ?» አልኋቸው። ወናፍ ሲነፉ የነበሩት ባለቤታቸው ሳቁ። አያ ይስማው ግን ብረቱን በጉጠት ከፍሙ አውጥተው፣ መስፉ ላይ አጋድመው፣ ሦስት ጊዜ ከመቱት በኋላ ነው ቀና ያሉት።

«ብረቱን ካመጣሽልኝ ምን ገዶኝ! ቁም ነገሩ መሥራቱ አይደለም። ማን ጎረቤት ይሆነዋል?»

«አይተውታል እንዴ?»

«አይቼዋለሁ። እኔ ከአቡጀዲው በስተጀርባ ነበርሁ። እናንተ ዘንድ ብመጣ ሜዳው ሙሉ ሰው ልጁን በነጠላ ሲሸፍን ሊያመሽ ነው፤ ምን አስቸገረኝ! ከኋላም ይታያል። ቀኙ ግራ ሆኖ ይታያል እንጂ ያው ነው።» ከዚያ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «አንድ ነገር ስጠብቅ አምሽቼ ሳያሳዩን ቀሩ። የቀጠቀጠውን ሰው። ያን ሁሉ ብረት ያጋለው ማን ነው? የብረቱ ሰውስ ሲመሽ የት ያድራል? ድልድዩ ሲያልቅ ጠላ አቀመሱት? ገደል ሲገባ ያለቀሰለት አለ? አይ የፈረንጅ ነገር! መድፉን አሳየንና ሰውየውን ደበቀን።»

እናም ፊልሙ የዘለለውን እሳቸው ይነግሩኝ ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማረሻው በዶለዱመ ቁጥር ደጃፉን አልፌ ግንድ ላይ መቀመጥ ለመድሁ። በዚያች ጎጆ ውስጥ ከፍሙና ከአንዲት ኩራዝ በቀር ብርሃን አልነበረም፤ ወናፉ ሲነፋ የአያ ይስማው ፊት ይቀላል፣ ወናፉ ሲያርፍ ይጠቁራል፣ ያኔ እኔ ጭሱ ዐይኔን እያቃጠለኝ፣ የጋለው ብረት ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲጮህ እየሰማሁ፣ ቤት እንዳለኝም፣ እናት እንዳለችኝም እረሳ ነበር። ከመጀመራቸው በፊት ሁልጊዜ ወደ አንገቴ ያዩና «ክታብሽን አጥብቀሽ ያዢ፤ ተረቱ ሊጀመር ነው» ይሉኛል። ሁለታችንም እንስቃለን።

«የዚያ አገር ሰው» ይላሉ፣ «ያረጀ ማረሻውን፣ የተሰበረ ጦሩን ሜዳ ላይ ይጥል ነበር። አንድ ቀጥቃጭ ያንን ለቅሞ ሰው አወጣበት። የብረቱ ሰው ተነሣና መሬቱን አረሰው፣ ወንዙን ገደበው፣ አውሬውን አባረረው። አገሩ ጠገበ። በጠገበ ጊዜ ድግስ ደገሰ፤ የብረቱን ሰው ግን ከአጥር ውጭ አቆሙት።»

«ከዚያስ?» እላለሁ።

«ከዚያማ ጠማው። ዋንጫችንን ያረክስብናል አሉና በመዳፉ ቀዱለት። ብረት አይደል? መዳፉ ዛገ። መቅላቱን ሲያዩ ጊዜ፣ እጁን አያችሁት፣ ደም ነው፣ የማንን ልጅ በልቶ ነው ተባባሉ።»

ያኔ አልገባኝም። እናቴ በመዳፋቸው ስትቀዳላቸው ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ፤ ተረቱን ግን የሩቅ አገር ተረት ብዬ ነው የሰማሁት። ቤት ስመለስ እናቴ «ምን አስመሸሽ?» ስትለኝ «ብረቱ አልግል ብሎ ነው» እላታለሁ። ውሸቱ አፌ ላይ ለመደ።

በመጨረሻው ምሽት በተረቱ አገር በሽታ ገባ። ከብቱ አለቀ፣ ልጆች ታመሙ፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የብረቱን ሰው ተመለከተ። «ከዚያስ?» አልሁ። አያ ይስማው የአባቴን ማረሻ ገልበጥ አድርገው አዩና «ይህ ነገ ነው የሚደርስ። መጨረሻውንም ነገ፣ ማረሻሽን ስትወስጂ» አሉኝ።

በማግሥቱ ንዳድ ጣለኝ። ጥርሴ እስኪንገጫገጭ በረደኝ፣ ደግሞ እንደ ፍም ጋልሁ፣ ደግሞ በላብ ተነክሬ ተኛሁ። በማግሥቱ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ አእምሮዬ ጥርት ብሎ ነበር። ይህን የምለው ለራሴ ሰበብ እንዳላበጅ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዝማም፣ የመጣችው በዚያን ቀን ነው። ገና ከመግባቷ «ይቺ ልጅ ተበልታለች!» አለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ማን ነው ቀጥቃጭ ቤት የሚልካት?»

በአገራችን ቡዳ በላው የተባለ ሰው በጭስ ይታጠናል፤ ሲታጠን የበላው ሰው በታማሚው አፍ ለፍልፎ ስሙን ይናገራል ይባላል። ስሙ የተጠራው መጥቶ እንትፍ እንትፍ ሲልበት ታማሚው ይድናል። አክስቴ በርበሬና የፍየል ጸጉር በገል አጢሳ በነጠላ ሸፈነችኝና «ማነህ? ተናገር! ማነህ?» ትል ገባች። ታፈንሁ። እናቴ እያለቀሰች «የሽ፣ ልጄ፣ ቀጥቃጩ ቤት ትገቢ ነበር? የሰጠሽ ነገር አለ?» ትለኛለች። እገባ ነበር ካልሁ ያ ሁሉ ውሸቴ ሊወጣ ነው፣ አባቴ ሊገርፈኝ ነው። ስም ከጠራሁ ግን የተናገርሁት እኔ አልሆንም፣ የበላኝ ሰው ነው፤ ጭሱም ይነሣልኛል፣ ግርፋቱም ይቀርልኛል። ይህን ሁሉ ነጠላው ውስጥ ሆኜ አስቤዋለሁ።

«ይስማው ነኝ» አልሁ።

ጭሱ ተነሣልኝ። አባቴና ሁለት ጎረቤቶች ሄደው ከሥራቸው ላይ አንሥተው አመጧቸው። እጃቸው ጥላሸት እንደ ሆነ ነው። አያ ይስማው ከመደቡ አጠገብ ቆመው ግንባሬን አዩና ወደ አባቴ ዞሩ። «ይህ እኮ ንዳድ ነው። የወባ ሰዎች ያሳዩን ራሱ ነው። መኪናቸው ጅጋ ናት፤ ኪኒን ይሰጧታል።»

«እንትፍ በላት!» አለ አባቴ። «ሌላ ወሬ አልጠየቅንህም።»

«ሳልበላት ነው እንትፍ የምላት?»

«ራስህ ተናግረሃል! በአፏ ለፍልፈሃል!» አለች አክስቴ።

ያን ጊዜ ወደ እኔ ተመለከቱ። «ዋሽቼ ነው» ብል ይበቃ ነበር። አንድ ቃል ነበር። ዐይኔን ጨፈንሁ። አያ ይስማው ጎንበስ ብለው ሦስት ጊዜ እንትፍ አሉብኝ፤ አፋቸው ደርቆ ኖሮ ምራቅ አልነበረውም። ከዚያ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ «ክታብሽን አጥብቀሽ ያዢ፣ የሽ» አሉኝ። «ተረቱ ሊጀመር ነው» እስኪሉ ጠበቅሁ። አላሉትም።

ትኩሳቱ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። አባቴ ለማንም ሳይናገር በበቅሎ ጅጋ ሄዶ ኪኒን አመጣልኝና ዳንሁ። መዳኔ ግን የተቆጠረው ለእንትፍታው ነው፤ «አያችሁ፣ እሱ ነበር» ተባለ፣ አባቴም አፉን ዘጋ። ማረሻ የሚያመጣላቸው ጠፋ። ልጆች ጎጇቸውን በድንጋይ ይደበድቡ ጀመር። አንድ ማለዳ የወናፋቸው ቆዳ ተቀዶ ተገኘ። ሰኔ ሳይጋመስ አያ ይስማውና ባለቤታቸው መስፋቸውን በአህያ ጭነው፣ በቡሬ በኩል ዓባይን ተሻግረው ወደ ወለጋ ወረዱ አሉ።

በሄዱበት ቀን የአባቴ ማረሻ ከአጥራችን በር፣ ያቺ የተሸረፈች ቅል ከምትሰቀልበት ግንድ ሥር ተቀምጦ ተገኘ። ተቀጥቅጦ፣ ተስሎ፣ ጫፉ ሾሎ። ይህ ነገ ይደርሳል ያሉኝ ማረሻ ነው። እናቴ ጠበል ረጨችበት፤ አባቴ ከእርፉ ላይ ሰካው። በሱ አረሰ፣ እህሉም በቀለ፣ እኛም ዓመቱን ሙሉ በላነው።

ከፍ ካልሁ በኋላ አንድ ጊዜ ለእናቴ ነግሬያት ነበር። «ያኔ እኮ የተናገርሁት እኔው ነኝ፣ አውቄ ነው» አልኋት። እሷም «ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች። በቃ ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ» አለችኝ። አልተናገርሁም። አስተማሪ ሆኜ ቡሬ ተመደብሁ፣ እዚያው ወለድሁ፣ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ከነቀምቴ የሚመጣ መንገደኛ ባገኘሁ ቁጥር «ይስማው የሚባሉ ቀጥቃጭ ያውቃሉ?» እላለሁ። የሚያውቅ አላጋጠመኝም። ዕድሜያቸውን ሳስበው ደግሞ መጠየቁም ለራሴ ማጽናኛ ነው እንጂ ምን ያደርጋል።

አሁን የልጅ ልጄ በቴሌቪዥን የሚያየው ፊልም ሁሉ የብረት ሰው ነው። የዛሬዎቹ ይበርራሉ፣ እሳት ይተፋሉ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ይንዳሉ። እኔም አብሬው እቀመጥና የአያ ይስማውን ነገር እጠብቃለሁ። ማን ሠራው? ማን አዘዘው? ከፎቁ ሥር የሚኖሩት ሰዎች የት ገቡ? ጦርነቱ ሲያልቅ ከማዕድ ያቀርቡታል ወይስ ከአጥር ውጭ ያቆሙታል? ስንት ዘመን አለፈ፣ ያን የሚያሳይ አንድ ፊልም አላየሁም። ጮክ ብዬ ስጠይቅ ልጁ ይስቅብኛል። «እማማ ደግሞ! ዝም ብለሽ እይው እንጂ፣ ብረት እኮ ነው» ይለኛል።

ባለፈው ሰሞን ፊልሙ መሐል ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። ሻማ አበራሁ። ልጁ ተነጫነጨ፤ እኔም ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን የአያ ይስማውን ተረት ጀመርሁለት። የተጣለውን ማረሻ፣ የጠገበውን አገር፣ የዛገውን መዳፍ ነገርሁት። መነጫነጩን ትቶ ተጠጋኝ። ከብቱ ማለቁንና ልጆቹ መታመማቸውን፣ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የብረቱን ሰው መመልከቱን ነገርሁትና ቆምሁ። እኔ የሰማሁት እስከዚያ ነው።

«ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያማ» አልሁ፣ «ማታ ማታ ተረት የሚነግራት አንዲት ልጅ ነበረች። እሷም ታመመች። ማን በላሽ ብለው ጠየቋት፣ የሱን ስም ጠራች።»

ልጁ ዐይኑን ከሻማው ላይ አነሣ።

«አውቃ?»

«አውቃ» አልሁት።