ተኽለ የፈታታት ግስ

ተኽለ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው መኪና ሥር ተንጋሎ ነው። ሓድነት ሰፈር ውስጥ በጋራዡ በር የሚያልፍ ሰው ከፊቱ ይልቅ ጫማውን ያውቀዋል፤ ሰላምታም የሚሰጠው ለጫማው ነው። ሃምሳን ሲሻገር ግን ወገቡ አመፀ። ሐኪሙም ሲሚንቶ ላይ መተኛት ይቅርብህ አለው። መኪና ሥር የማይተኛ መካኒክ ታዲያ ምን ይሆናል? ተኽለ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና መልሱን አገኘው፤ ከሥር ወጥቶ ከላይ መቀመጥ፣ ሹፌር መሆን።

ከከተማው ወጣ ብሎ ዓይናለም በሚባለው ስፍራ ያሉ የውሃ ጉድጓዶችን የሚጠግን አንድ ድርጅት ደግሞ በዚያው ሰሞን ሹፌር እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ተኽለ መንጃ ፈቃድ አለው፤ መኪናንም ከነአንጀቷ ያውቃታል። ያስጨነቀው የመጨረሻው መስመር ነው፤ ከውጭ አገር ከመጣችው ኢንጅነር ጋር በእንግሊዝኛ መግባባት የሚችል ይላል። የእሱ እንግሊዝኛ ደግሞ የመለዋወጫ ካርቶን ላይ ያለውን ከማንበብ አያልፍም።

መምህርት የሆነችው ልጁ ዳናይት ለሹፌርነቱ ፈተና በቀረው ጊዜ ቋንቋውን ሁሉ ማዳረስ እንደማይቻል ነገረችው። አንዲት ግስ በደንብ ብትጠና ግን የብዙዎቹን ሥራ ትሸፍናለች አለችው። ግሷ «ጌት» ናት።

ይህቺ ጌት በእውነት የምትደንቅ ናት። ከሥሯ ስትታይ «አገኘ» ማለት ናት። ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ግን እሷው ናት፤ ራሱ ቤቱ ሲደርስም እሷው። ሲርበው፣ ሲደክመው፣ ሲያረጅ፣ ብቻ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላው በተለወጠ ቁጥር ጌት አትቀርም። የተነገረው ነገር ሲገባውም ያው ናት። ይህ አልበቃ ብሏት ከኋላዋ ትንንሽ ቃላት ታስከትላለች። «አፕ» ሲጨመርላት ከመኝታ ይነሱባታል፤ በ«ኢን» መኪና ውስጥ ይገቡባታል፤ በ«አውት» ይወጡባታል፤ በ«ኦቨር» ሕመምና ሐዘን ይሻገሩባታል።

ሌላ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ተኽለ ግን ደስ አለው፤ ነገሩ ቡሶላ ነዋ! ብሎን የሚፈታበት ቡሶላ እጀታው አንድ ነው፤ ጫፉ ላይ የሚሰካው ጭንቅላት ግን እንደ ብሎኑ መጠን ይለዋወጣል። ጌት እጀታዋ ናት፤ ትንንሾቹ ቃላት ጭንቅላቶቹ። ወዲያው ጨርቁን ዘርግቶ ጭንቅላቶቹን ደረደረና ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣላቸው። አሥራ ሦስት ቁጥር «አፕ»፣ አሥራ ሰባት ቁጥር «አውት» ተባሉ።

ከወሎ መጥቶ ከጋራዡ አጠገብ ምንጣፍ የሚነግደው ይማም፣ ጎረቤቱ ከብረት ጋር ሲያወራ አይቶ ብቅ አለ። ምክንያቱን ሲሰማም አላመነም።

«አያ ተኽለ፣ አንዲት ቃል ይህን ሁሉ ከሠራች ሌሎቹ ደሞዝ የሚበሉት በነፃ ነው?»

«ይማም ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ትናንት ብርድ ያዘኝ ብለህ ሱቅ አልከፈትክም። ብርዱ በእጁ ነው የያዘህ? ቀጠሮ ትይዛለህ፣ ወረፋ ትይዛለህ፣ ሚስትህ ቂም ትይዝብሃለች። እኛ ‹ያዘ›ን እንዲህ ስናሠራት ማን ጠየቀን?»

ይማም ክርክሩን ትቶ፣ ሚስቱ ኡሙሀኒ ቂም መያዟን ማን እንደነገረው ጠየቀው።

በፈተናው ቀን የድርጅቱ አስተዳዳሪ ትምኒት ቁልፉን ሰጠችው። ኢንጅነሯን ዓይናለም አድርሶ ይመልሳል፤ መንገድ ላይም ይነጋገራሉ። መኪናው አሮጌ ስለሆነ የተሳፋሪው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ መስኮቱም ከጣት ስፋት በላይ አይወርድም። ተኽለ ከውጭ ከፍቶ አስገባት። ጉዞው ያማረ ነበር። ጉብታ በመጣ ቁጥር «ጌት ሬዲ» ይላታል፤ እሷም እየሳቀች ወንበሯን ትይዛለች።

ሲመለሱ ቀብር ገጠማቸው። ቀሳውስቱ ከፊት፣ አስከሬኑ በሰው ትከሻ ላይ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሕዝብ ከኋላ። ቀብር እያለፈ መሪ ጨብጦ የሚቀመጥ ሰው ወሬው ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ተኽለ መኪናውን ዳር አስያዘ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀና ሟቹ ማን እንደሆነ አንዱን ሐዘንተኛ ጠየቀ።

በሩን ግን ረሳው። ኢንጅነሯ መስታወቱን ቆረቆረች። ተኽለ በቀብር ላይ እንዲህ አይደረግም ለማለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ገሠጻት። እሷም አፏን ወደ ስንጥቁ አስጠግታ «ጌት ሚ አውት» አለች።

ተኽለ ደነገጠ፤ የደነገጠው ግን በሌላ ነገር ነው። በጌትና በአውት መካከል ሰው ገብቷል። ዋእ፣ ማስረዘሚያም አላት ለካ! ቡሶላም እኮ በእጀታውና በጭንቅላቱ መካከል የሚገባ ዘንግ አለው። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ዘንጉን በልቡ ሲሰካና ሲነቅል ቆየ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትቆረቁር ነው ነቅቶ የከፈተላት።

ወርዳ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቀችው። ሟቹ አቶ ገብረመስቀል የጉድጓዶቹ ጥበቃ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ተኽለ ይህን ሁሉ የሚናገርባት አንዲት ግስ ብቻ ነበረችው።

«ሂ ጌት ዋይፍ» አለ፤ ሚስት አገቡ ለማለት። «ሂ ጌት ችልድረን። ሂ ጌት ኦልድ። ሂ ጌት ሲክ።» ልጆች ወልደው፣ አርጅተው፣ ታመው እዚህ ደረሱ። የቀረውን የሚልበት ጠፋውና ቆመ። አስከሬኑ በፊታቸው ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ናው፣ ሂ ጌት ሆም» አለ።

ኢንጅነሯ ሕዝቡ እስኪያልፍ ድረስ አጠገቡ ቆመች።

ቢሮ ሲደርሱ ሁለቱ ሴቶች ለብቻቸው ተነጋገሩ። ተሳፋሪ ቆልፎ የሚሄድ ሹፌር ማን ይቀጥራል እያለ ተኽለ ወገቡን ይዞ ጠበቀ። በመጨረሻ ትምኒት ጠራችው።

«አያ ተኽለ፣ አንድ ጥያቄ ቀርታለች፤ በአማርኛ ይመልሱ። ፓምፕ ጭነው፣ ሰው ውሃ እየጠበቀ ቀብር ቢገጥምዎት ይቆማሉ?»

የትኛው መልስ እንደሚያስቀጥረው ተኽለ አላጣውም። ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው።

«እቆማለሁ» አለ። ትምኒት ልትተረጉም ስትል ቀደም ብሎ ጨመረበት፤ «ግን መጀመሪያ የእሷን በር እከፍታለሁ።»

ኢንጅነሯ ትርጉሙን ሰምታ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ትምኒትም ሰኞ ሥራ እንዲጀምር ነገረችው፤ ኢንጅነሯ ግን ለማንኛውም ከእንግዲህ በሩ ከውስጥ በሚከፈተው በኋላ ወንበር እንደምትቀመጥ አሳወቀች።