ጉንጩን ቀርጸው ድምፁን የጣሉት

ጅጅጋ ውስጥ ፊልም ሠሪ እንደ ጅላል፣ እንደ ደረቁ ወራት፣ አቧራ ነው። ንፋስ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፣ ንፋስ ሲተኛ የት እንደገባ አይታወቅም። ትናንት የስልክ ሽፋን ሲሸጥ ያየኸው ዛሬ ካሜራ አንግቶ፣ ጥቁር መነጽር ሰክቶ፣ «ዳይሬክተር ነኝ» ብሎ ይመጣብሃል። ምን ይደረግ!

ኃይለጊዮርጊስ ግን እንደዚያ አልበቀለም። ድሬዳዋ ተወልዶ በፖሊስ ኦርኬስትራ ሳክስፎን ተምሮ፣ በሬዲዮ የሰማውን ጃዝ በጆሮው እየለቀመ በጣቱ የተከለ ሰው ነው። ጅጅጋ በሥራ መጣ፤ ጡረታ ሲወጣም እዚሁ ቀረ። የሱማሌን ዜማ ከጃዙ ጋር ሲያጋባው፣ ውሃ የናፈቃት ግመል ከሩቅ ዝናብ ስታሸት የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ሠርግ ቤት ሲነፋ አሮጊቶች «ሂያ! ሂያ!» ይሉታል፤ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ ዜማውን ያስረዝመዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድምፅ የት ገባ? የትም! የከተማችን የሠርግ ቪዲዮ ልማድ አለው። ቀራጩ የአዳራሹን ድምፅ አጥቦ ይጥልና ገበያ ላይ ያለ ዘፈን ይለጥፍበታል። ውጭ አገር ያለው ዘመድ የሳህን ኳኳታ አይወድማ! ስለዚህ በየቤቱ፣ በየቴሌቪዥኑ፣ ጉንጩ እንደ ፊኛ የተነፋ ኃይለጊዮርጊስ አለ፤ ድምፁ ግን በአንዱም የለም።

ነፋ ነፋ አሉኝ፣ ጉንጩን አሳዩኝ፤
ድምፁን ወዴት ጥለው፣ መልኩን ብቻ ሸጡኝ።

ይህን ችሎት ኖሮ ነበር። በ2011 ግን የፊት ጥርሶቹ መነቃነቅ ጀመሩ። ሐኪሙ «መነቀላቸው አይቀርም» አለው። ሳክስፎን ነፊ ያለ ፊት ጥርስ ማለት ክንፉ የተመለጠ አሞራ ማለት ነው። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለናዝሬት፣ «ጥርሴ ሳይወልቅ ድምፄ አንድ ቦታ ይቅርልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አላት።

ያን ሰሞን ነው እንግዲህ ዐብዲፈታህ የመጣው፤ ያ የስልክ ሽፋን ሻጭ።

«አዴር፣ አጎቴ፣ የፍቅር ፊልም እየሠራሁ ነው። ያለ አንተ አይሆንም፣ ወላሂ!»

«በድምፄ ነው በመልኬ?»

«በሁለቱም!»

ድምፅ እንዳያስተጋባ በፍራሽ በታጠረች ክፍል አስገብቶ፣ ከንፈሩ እስኪያብጥ አስነፋው። ፊልሙ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሲታይ በር ላይ የተሰቀለው ፖስተር የኃይለጊዮርጊስ ነው፤ ሳክስፎኑ በፀሐይ ይነዳል። እንግዲህ ደስታ! ውስጥ ሲገቡ ግን ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ኪቦርድ ነው። ያ የሳክስፎን ቁልፍ ሲጫኑት የታፈነ ድመት ድምፅ የሚያወጣ ኪቦርድ! ጣቶቹ በስክሪኑ ላይ ሲወጡ ዜማው ይወርዳል፣ ሲወርዱ ይወጣል።

ናዝሬት በክርኗ ጎሸመችው። «አንተ ሰውዬ፣ ጣትህ ሐረር ሲሄድ ድምፅህ ቀብሪበያ የሚወርደው ምን ሆኖ ነው?»

ሲወጡ ዐብዲፈታህን ያዘው።

«አዴር፣ አትቆጣ። ያንተ ድምፅ ሻካራ ነው፤ የኪቦርዱ ንጹሕ ነው። ሕዝብ ንጹሕ ነገር ይወዳል።»

«ታዲያ እኔን ለምን ቀረጽከኝ?»

«መሣሪያው ያብረቀርቃላ! ወርቅ እኮ ነው የሚመስለው።»

እዩልኝ! ሰውየው ያልፈለገው ነፊውን ነው፤ ናሱን ግን ወዶታል። ማር ጥሎ ቀፎ የሚልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አይተናል፤ ፊልሙንም አጨብጭበንለታል። አጨብጫቢውም ከሠሪው አይሻልም።

በ2014 ያው ዐብዲፈታህ ሌላ ፊልም ይዞ ተመልሶ መጣ። ኃይለጊዮርጊስም፣ የጅል ነገር፣ ሄደ። ናዝሬት በር ላይ ቆማ «ዲዳ ሆነህ ለመምጣት ደግሞ ክራባት ታስራለህ?» እያለች ሸኘችው። ጥርሶቹ በምላሱ ሲነካቸው እንደ ላላ ምስማር ይወዛወዛሉ፤ የመጨረሻው እድል መሆኑን ያውቃል።

ቀረጻው ከከተማ ውጭ፣ ሸደር አጠገብ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጠችው ተዋናይዋ ሂቦ ናት፤ ከፊልም በፊት በየሠርጉ ቡራንቡር፣ ያንን የሴቶች ግጥም፣ እያወረደች አዳራሽ የምታስነሣ ልጅ። ይተዋወቃሉ።

«ሂቦ ልጄ፣ አንቺ ስትናገሪ እኔ ከኋላሽ የምር እነፋለሁ። እንዳታቋርጪ።»

«አዴር፣ ቃሌን ልትሸፍንብኝ ነው?»

«ልሸከመው ነው እንጂ።»

ሣቀች። «ማይክራፎኑ እኮ አንድ ነው» አለች።

«እሱን አውቄ ነው።»

በትዕይንቱ ሂቦ ባሏ በወጣበት የቀረባት ሴት ሆና ቤቷን ትሰናበታለች፤ እሱ ከቤቱ ግንብ ሥር ቆሞ ያጅባል። ዐብዲፈታህ «አዴር፣ ጉንጭ ብቻ! ድምፅ እንዳይወጣ!» ብሎ አስጠነቀቀና አስጀመረ። ኃይለጊዮርጊስም ነፋ። የምር ነፋ። ሂቦ የተጻፈላትን ንግግር በመሃል ጥላ በቡራንቡር ቀጠለች፤ ቃሏ ሲነሣ እሱ ዝቅ፣ ቃሏ ሲወድቅ እሱ ደገፍ። እንባዋ በትእዛዝ የሚመጣው ዓይነት አልነበረም። ከሩቅ ባጃጅ ጡሩምባ አሰማች፤ የሰማት የለም። ዐብዲፈታህም እጁን አንሥቶ ሊያስቆም ነበር፤ የእንባዋን መውረድ ሲያይ ግን ስግብግብነቱ ከቁጣው በለጠና እጁን አወረደ።

በኋላ ድምፁን ሊያጥበው ተነሣ። እንዴት አድርጎ? ሳክስፎኑን ሲያወጣ የሂቦ ቃል አብሮ ይወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ማይክራፎን ተጋብተዋል። ስቱዲዮ ገብታ ድምፅዋን እንደገና እንድትሰጥ ለመናት።

«እምቢ። እኔ የቧንቧ ውሃ አይደለሁም፤ በተከፈትኩ ቁጥር አላለቅስም» አለችው።

ሌላ ልጅ ፈልጎ አስለቀሰ፤ ጉንፋን የያዛት መሰለች። ወዶ ሳይሆን ጨንቆት እንዳለ ተወው።

ፊልሙ ተጠናቆ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያው የሆቴል አዳራሽ ታየ። ያ ትዕይንት ሲደርስ ድምፁ እንደ ነበረ መጣ፤ ሻካራ፣ ሙቅ፣ ከነባጃጁ። ኃይለጊዮርጊስ ከናዝሬት ጎን የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ቀረ። ከኋላቸው የተቀመጠ ጎረምሳ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ፣

«ይሄ ኪቦርድ ግን አሪፍ ነው። አዲስ ገዝተው መሰለኝ» አለ።

ናዝሬት እንደ ነብር ዞረች። «ምን አልክ? ኪቦርድ በየመሃሉ ትንፋሽ ይስባል? ስማው እስቲ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ጎረምሳው ጆሮውን አቀና። በሁለት ዜማ መካከል፣ እጥር ያለች፣ በላላ ጥርስ መካከል የተሳበች የአየር ድምፅ ተሰማች።

«ወላሂ፣ ሰው ነው!» አለ።

መብራት ሲበራ ዐብዲፈታህ መድረክ ላይ ወጥቶ ሆቴሉን አመሰገነ፣ ስፖንሰሮቹን አመሰገነ፣ ኪቦርድ ተጫዋቹን አመሰገነ፣ ራሱንም በደንብ አድርጎ አመሰገነ። የኃይለጊዮርጊስን ስም አልጠራም። እኛም አጨበጨብን፤ ልማዳችን ነው።

ኃይለጊዮርጊስ ይህን ሁሉ የሰማ አይመስልም። ሰዉ እየተጋፋ ሲወጣ እሱ ከወንበሩ አልተነሣም። ለሚቀጥለው ማሳያ ሌሎች ተመልካቾች መግባት ጀምረዋል፤ በረኛው መጥቶ «አባባ፣ አልቋል» ሲለው፣

«ገና ነው» አለ።

ናዝሬት እየተነጫነጨች ሁለት ትኬት ልትገዛ ወጣች።