ወጡን ወንዶች ይሥሩ

አበዛሽ ለቀስተኛ የምትቆጥረው ገና ሰው ሳይመጣ ነበር። የእድሩ ጥሩምባ እንደተነፋ እኔን አስከትላ ጓሮ ትገባና፣ ሽርጧን እያሰረች ስለ ሟቹ ትጠይቃለች። «መንገድ ላይ ሰላም ይል ነበር? ስንት ወር ታመመ?» ከዚያ ስንት ኪሎ ምስር እንደሚበቃ ትናገራለች። ተኝቶ የከረመ ሰው ለቀስተኛው ያንሳል፣ ሰዉ ጠይቆ ጠይቆ ወጥቶለታል፣ ትል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ ወጥ አላነሰንም።

መቂ ተወልዳ ከሽንኩርት ጋር ነው ያደገችው። አግብታ አዳማ ከመጣች በኋላ የሠፈራችን እድር ወጥ ቤት አለቃ ሆነች፤ ሃያ ስድስት ዓመት። እኔ ሸዋወርቅ ረዳቷ ነበርኩ። ሰው ከቀብር ሲመለስ ምግቡ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ሬሳ ሲወጣ እኛ ጭልፋ ይዘን ጓሮ እንቀራለን። የክርስትና እናቴ ስትቀበር እንኳ ምስር አማስል ነበር። ደህና ሁኚ አላልኳትም። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ግንቦት አበዛሽ በኩላሊት በሽታ አረፈች። ጠዋት ድንኳኑ ሲተከል እኔ እንደ ልማዴ ጓሮ ገብቼ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ አለቅሳለሁ። ባሏ ዲበኩሉ አስጠራኝ። ድንኳኑ መሐል ቆሞ፣ «ድምፅዋን ቀድቼዋለሁ፤ ስሙልኝ» ብሎ ስልኩን ከፈተ።

«አበዛሽ ነኝ። ስንቱን ሸኘን ስንል ኖርን፣ እኔ ግን አንድም ቀብር አላየሁም። እኔን ሴቶቹ ሁሉ ይቅበሩኝ። ወጡን ወንዶች ይሥሩ። ሸዌ፣ አንቺ እንዳትቀሪ! ከቀረሽ አልወድሽም።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ። የእድሩ ዳኛ አቶ ፈዬራ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ብድግ አሉ።

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ቀብር ትቶ ወጥ የሚሠራ ወንድ የት ነው የታየው? እንግዳ ጦሙን ሊያድር ነው? የታመመ ሰው ብዙ ይናገራል፤ አትያዙባት።»

ደሜ ፈላ። «ሽንኩርት ብትልጡ እጃችሁ ይቆረጣል እንዴ?» አልኩ። ሰው ፊት እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም።

«አንቺ ደግሞ! እሺ፣ ማን ይቀራል?» አሉ። «ዲበኩሉ፣ አንተ ሚስትህን ሳትቀብር ትቀራለህ?»

ነገሩን ለመዝጋት ነው ያሉት። ሬሳው ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። እሷንም ሳልቀብር ልቀር ነው ብዬ ሽርጤን መልሼ ማጥበቅ ጀመርኩ።

ዲበኩሉ ጥቁር ኮቱን አወለቀ። «እቀራለሁ» አለ።

«ኧረ በማርያም! ነውር ነው!» ተባለ። አልሰማቸውም። ወደ እኔ መጥቶ ለሽርጡ እጁን ዘረጋ።

«አንተ ሂድ፣ ሚስትህ ናት፤ እኔ እቀራለሁ» አልኩት።

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ። እሷ ያለችው አንቺን ነው። ስጪኝ።»

አቶ ፈዬራ ዲበኩሉ ሽርጤን ሲታጠቅ አይተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ቢላዋ የት ነው የምታስቀምጡት?» አሉኝ። እሳቸውን አይተው ሌሎች ስምንት ወንዶች ወደ ጓሮ ገቡ፣ የቀሩትም ውኃና እንጨት ለማቅረብ ተከተሉ፤ አንዱማ ከረባቱን እንኳ አላወለቀም።

ከካህናቱና ሬሳውን ከተሸከሙት ጎረምሶች በስተቀር፣ መንገዱን የሞላነው ሴቶች ነበርን። ባጃጆች ዳር ይዘው እየቆሙ፣ «የማን ቀብር ነው?» ይሉ ነበር። እኔ ሁሉንም ለማየት ከፊት ከፊት ሄድኩ። አፈር ሲመለስ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው በዚህ ዕድሜዬ ገና አወቅሁ። እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ደህና ሁኚ አልኳት፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኳት።

ስንመለስ ወጡ አርሯል፣ ጨውም በዝቷል። ሰዉ ግን በላው። ድንኳን ውስጥ ወንበር ሰጡኝ። ተቀመጥኩ፤ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። ዲበኩሉ ሳህን ይዞልኝ መጣ። ጣቶቹን እሳት ለብልቦታል፣ ሽርጤ ወገቡ ላይ ነው። አጠገቤ በርከክ አለ።

«በየት በኩል አስቀመጧት?» አለኝ።

«ከአንድ ዛፍ ሥር ነው፤ ጥላ አለው።»

«አፈሩስ ድንጋይ አለው?»

ነበረው። አካፋው በነካው ቁጥር ይጮህ ነበር።

«የለውም፣ ለስላሳ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «በይ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ምንም እንዳታስቀሪ» አለኝ። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ከበሩ ከወጣንበት ጀምሬ ነገርኩት።